እማዬን ላሳከማችሁ፣ ላስታመማችሁ ሁሉ ምስጋናችን ይድረሳችሁ

ሰላም ወገኖቼ፣ እማዬ እንዴት ሆነች እያላችሁ ስትደውሉ ለነበራችሁ ሁሉ ለየብቻ መመለስ ስላልቻልኩ ነው እዚህ የምጽፈው፣ ተመስገን ደህና ናት፣ ትናንት ቆማ እንጀራ ስትጋግር ነው የዋለችው።

የምታውቋት ታውቃላችሁ ማይግሬኑ፣ ያ ከባድ ራስ ምታቷ፣ ከወጣትነቷ ጀምሮ ያለ ነው፣ ግን ድሮ መጣ ሄደ ነበረ፣ አንድ ሁለት ቀን ያስተኛትና ይለቃታል። ኋላ ላይ ግን የማይለቅ ሆነ፣ ራሷን በሻሽ ጠፍራ አስራ ትውላለች፣ የማስታገሻ ኪኒኑ ነጠላዋ ጫፍ ላይ ተቋጥሮ ቤተስኪያንም ለቅሶም አብሯት ይሄዳል። ዳማከሴውም ጸበሉም ተሞከረ፣ ሲቲ ስካን ተነስታ ምንም የለም ተባለ፣ የሰው አይን ነው ያለም ነበረ።

ባህር ዳር ያዩልን ዶክተር፣ እግዜር ያክብርልን። ሌላ መድሃኒት ከመጻፋቸው በፊት "እማማ በወር ስንት ቀን ነው የራስ ምታት ኪኒን የሚውጡት?" ብለው ጠየቋት። እሷ እንደሆነ ቀን የምትቆጥረው በታቦት ነው፣ ልደታ ለት ወሰድኩ፣ አቦ ለት፣ ስላሴ ለት፣ ሚካኤል ለትማ ሁለቴ እያለች እስከ ባለወልድ ስትደርስ አላቋረጧትም፣ ወረቀት ላይ ቀኖቹን እያከበቡ ጨረሱና አዙረው አሳዩን፣ ያልተከበበ ቀን የለም ማለት ይቻላል።

ያስረዱንን ለሌላውም እንዲደርስ ልጻፈው። ማይግሬን ያለበት ሰው ፓራሲታሞል፣ አይቡፕሮፌን፣ ዳይክሎፌናክ አይነቱን የህመም ማስታገሻ በወር 15 ቀንና ከዛ በላይ፣ ካፈርጎት (የማይግሬን ማስታገሻ ነው) እና ትራማዶል (ጠንከር ያለ ማስታገሻ ነው) የመሳሰሉትን ደግሞ 10 ቀንና ከዛ በላይ እየወሰደ ከ3 ወር በላይ ከቆየ ማስታገሻው ራሱ ራስ ምታት ሊያመጣ ይችላል፣ አንጎል ለህመም ይበልጥ ስስ ይሆናል፣ የዋጡት ሲያልቅ ያማል፣ ሲያም ደግሞ ሌላ ይዋጣል፣ በዛው ይቀጥላል። ለጉልበቱ ብሎ ዳይክሎፌናክ የሚውጥ፣ ራሱን አሞት የማያውቅ ሰው ላይ ግን ይሄ ብዙም አይታይም አሉን፣ የሚብሰው ድሮም ራስ ምታት ባለበት ሰው ላይ ነው። እና እማማ ጥፋት የለብዎትም፣ ስላመመዎት ነው የወሰዱት ብለው ደጋግመው ነገሯት፣ እሱን ስትሰማ እንባዋ መጣ።

ማስታገሻውን ያቆመችበት ጊዜ ምን ልበላችሁ፣ ከባድ ነበረ። መጀመሪያ ከ2 እስከ 10 ቀን ድረስ ሊብስ ይችላል፣ ያስመልሳል፣ እንቅልፍ ይነሳል ተብለን ነበር፣ እንደተባለውም ሆነ። እትዬ፣ ልጆችሽን ትተሽ ከደጀን መጥተሽ ሌሊቱን ሙሉ ግንባሯ ላይ ቀዝቃዛ ጨርቅ ስትቀያይሪ ያነጋሽው መቼም አይረሳኝም። ጎረቤቶቻችን፣ መስኮቱን በጋቢ ጋርዳችሁ፣ ድምጻችሁን ዝቅ አድርጋችሁ አጥሚት ይዛችሁ ስትገቡ ስትወጡ ለነበራችሁ፣ ብድራችሁን ይክፈላችሁ። የፋርማሲዋ እህታችን ደግሞ እማዬ ህመሙ ሲጠናባት ተደብቃ ልጅ ብትልክብሽ "እናቴ ይቆጡኝ እንጂ አልሸጥላቸውም" ብለሽ ልጁን ባዶ እጁን መለስሽው፣ ሽያጭሽን ትተሽ እሷን አስበሻልና ተባረኪ። የንስሐ አባታችንም ባዶ ሆድ መዋል ህመሙን ስለሚቀሰቅስባት ጠዋት ቀምሳ እንድትውል ፈቀዱላት፣ እኛ ብንላትማ በሁዳዴ እህል አትቀምስም ነበረ።

አሁን ማታ ማታ አሚትሪፕቲሊን ትወስዳለች፣ ህመሙ እንዳይመጣ የሚከላከል ነው፣ ለመስራት ሳምንታት ይፈልጋል፣ አፍ ያደርቃል፣ እንቅልፍ እንቅልፍ ያሰኛል። የድብርት መድሃኒት ነው ብለው ያስፈራሯት ነበሩ፣ ለዛም ይሰጣል እውነት ነው፣ ግን በትንሽ መጠን ለማይግሬን መከላከያ ሲታዘዝ የቆየ ነው። ማስታገሻም ጨርሶ አልተከለከለችም፣ በሳምንት ከ2 ቀን አይለፍ ነው የተባለችው፣ የወሰደችበትን ቀን የልጅ ልጇ ግድግዳው ካላንደር ላይ በእስክሪብቶ ታከብብላታለች።

ይሄን አንብባችሁ ግን በናታችሁ በራሳችሁ እንዳታቋርጡ፣ በተለይ ትራማዶል ለረጅም ጊዜ የወሰደ ሰው ሀኪም ሳያየው ድንገት ማቆም የለበትም። ከዚህ በፊት አይታችሁት የማታውቁት ድንገተኛ ከባድ ራስ ምታት ከመጣ፣ ወይ ትኩሳት ወይ የእጅ እግር መዛል አብሮት ካለ ደግሞ ነገ ሳትሉ ሂዱ።

እማዬ በሉልኝ ያለችው፣ ገበያ ስትወጡ ጎራ በሉ፣ ጠላ ጠምቄያለሁ።

ልጆቿ፣ ከቡሬ