ወደ ላዳክ ከመነሳቴ በፊት

ደልሂ፣ ግንቦት 14

ይድረስ ለውድ እናቴ፣

አሰላሙ ዓለይኩም እማዬ። እንደምን ከረማችሁ? ጋሼስ፣ ልጆቹስ፣ ጎረቤቱስ? እኔ አልሐምዱሊላህ ደህና ነኝ። የፈጀን ሙቀቱ ነው። ቀን ከ40 ዲግሪ በላይ ይሆናል፤ ሌሊቱም አይበርድም። በዚህ ሙቀት መሀል የሱፍ ካልሲና ጓንት ስገዛ ባለሱቁ ትክ ብሎ አየኝና ሳቀ።

ባለፈው ስንደዋወል መስመሩ ተቆረጠ። ጋሼ ከጎንሽ ሆነው «የጦሳ ተራራ ልጅ ለተራራ ደግሞ ምን ዝግጅት ያስፈልገዋል?» ሲሉ ሰምቻለሁ። አንቺ ደግሞ ጭራሽ እንዳትሄድ አልሽ። ለሁለታችሁም በአንድ ደብዳቤ ልመልስ። እህቴ ታንብብላችሁ፤ እንደ ልማዷ እየዘለለች ግን አይደለም።

የምንሄደው ለሥራ ነው። ላዳክ በሕንድ ሰሜን ጫፍ ያለ ደረቅ የተራራ አገር ነው። በዓመት የሚያገኘው ዝናብ 100 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው፤ የደሴ ሐምሌ ብቻ ከዚያ በላይ ያወርዳል። ገበሬው የሚያርሰው በበረዶ ውሃ ነው። ችግሩ በረዶው የሚቀልጠው ዘግይቶ ነው፤ ዘር የሚዘራው ደግሞ ቀደም ብሎ። ስለዚህ ሶናም ዋንግቹክ የሚባል ኢንጂነር ከተማሪዎቹ ጋር አንድ ዘዴ አመጣ። በብርዱ ወራት የሚፈሰውን ውሃ ከላይ በቧንቧ ያወርዱታል። ግፊቱ ወደ ላይ ይረጨዋል፤ ውሃው በብርዱ እዚያው እየረጋ የበረዶ ክምር ይሆናል። ሾጣጣ ስለሆነ ለፀሐይ የሚጋለጠው ገጹ ጥቂት ነው። ጸደይ ላይ ቀስ እያለ ቀልጦ ማሳውን ያጠጣል። እኛ ስንደርስ አብዛኛው ቀልጦ ይሆናል። የመስኖ ተማሪ ግን ቧንቧውንና ቦዩን ማየቱ ይበቃዋል።

አሁን የጋሼን ነገር። ደሴ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት። የላዳክ ትልቋ ከተማ ሌህ 3,500 ሜትር ላይ ናት። አንድ ሺህ ሜትር ምን አላት ይሉ ይሆናል። እኔ ግን የምነሳው ከደሴ አይደለም፤ ደልሂ 200 ሜትር ገደማ ላይ ያለች ሜዳ ናት። ሰውነት ከፍታን የሚለምደው እዚያው እየኖረበት ነው፤ ቆላ ወርዶ ሳምንታት ከቆየ ልማዱ ይጠፋል። እኔ ደግሞ እዚህ ዓመታት ተቀምጫለሁ። ጋሼ፣ ከኮምቦልቻ በሐረጎ ስንወጣ ጆሯችንን የሚደፍነን ለ600 እና ለ700 ሜትር ልዩነት ነው። እኔ በአንድ ጠዋት፣ በአንድ ሰዓት ከምናምን በረራ፣ ከ3,000 ሜትር በላይ ልወጣ ነው።

አየሩ ላይ ያለው ኦክስጅን በመቶኛ ሲታይ የትም ቦታ ያው 21 ነው። የሚቀንሰው የአየሩ ግፊት ነው። ደሴ ላይ ግፊቱ ከባሕር ወለሉ ሦስት አራተኛ ያህል ነው፤ ሌህ ላይ ሁለት ሦስተኛ። ከሌህ በላይ ያለው የካርዱንግ ላ መተላለፊያ ላይ ግማሽ ሊሆን ምንም አይቀረው። እዚያ ለዓመታት ተተክሎ የኖረው ሰሌዳ በጫማ የጻፈው ከፍታ ወደ ሜትር ሲመለስ 5,602 ይሆን ነበር። በደንብ ሲለካ ግን 5,359 አካባቢ ነው የተገኘው። ቱሪስቱ ግን አሁንም ከሰሌዳው ጋር ፎቶ ይነሳል።

ስለ ሰሜን ተራሮች ሰዎች የሚወራውንም ልንገርዎት፣ እርስዎ ሳያነሱት አይቀሩምና። እውነት ነው፣ እዚያ 3,500 ሜትር ላይ የሚኖሩ ሰዎች ተጠንተው፣ ደማቸው ውስጥ ያለው ኦክስጅን የሜዳ ሰው ያህል ሆኖ ተገኝቷል። ጥናቱ በ2002 በፈረንጆቹ የወጣ ነው። እነሱ ግን እዚያው ተወልደው እዚያው የኖሩ ናቸው። የኔ ደም አሁን የደልሂ ነው። ጉልበትም አያድንም። እንዲያውም የሚቸኩል ጎረምሳ ቶሎ ሊታመም ይችላል።

ስለዚህ የዝግጅቴ ትልቁ ክፍል ምንም አለማድረግ ነው። ሌህ እንደገባን ሁለት ሦስት ቀን ዝም ብለን እንቀመጣለን። መጀመሪያ ቀን ተኝቶ መዋል ነው። ደረጃ መሮጥ የለም፣ ሻንጣ ተሸክሞ መውጣት የለም። ከዚያ በኋላም የሚታደርበት ቦታ በአንድ ቀን ከ500 ሜትር በላይ ከፍ እንዳይል ሐኪሞች ይመክራሉ። ቀን ወጥቶ ማታ ዝቅ ብሎ መተኛት ይቻላል። ማናሊ ከምትባል ከተማ ተነስተው በመኪና ወደ ሌህ የሚሄዱ አሉ፤ መንገዱ ያምራል ይላሉ። ግን መሀል ላይ ሳርቹ በሚባል ከ4,200 ሜትር በላይ ባለ ሜዳ ላይ ነው የሚያድሩት፣ ሰውነታቸው ገና ሳይለምድ። እኔ አልወደድኩትም።

ክኒንም አለ። አሴታዞላማይድ ይባላል፤ ፋርማሲ ውስጥ በዳያሞክስ ስም ነው የሚታወቀው። ሐኪሙ 125 ሚሊ ግራም ጠዋትና ማታ፣ ከጉዞው አንድ ቀን ቀደም ብዬ እንድጀምር አዘዘልኝ። የሰልፋ መድኃኒት ያስቆጣህ ነበር ወይ ብሎም ጠየቀኝ። ሽንት ያበዛል፣ ጣት ይነዝራል፣ ለስላሳ መጠጥ ደግሞ ጣዕሙ ይጠፋል አሉ። ይህን የምነግርሽ በስልክ «ጣቴን ነዘረኝ» ብልሽ እንዳትደነግጪ ነው።

አንቺ ነጭ ሽንኩርትና ፌጦ ብለሻል። እዚያም የነጭ ሽንኩርት ሾርባ ለከፍታ ይጠቅማል ብለው ይጠጣሉ፤ በሁለት አገር ያሉ እናቶች ተስማምታችኋል። እጠጣለሁ። ግን ክኒኑን አልተውም።

ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽ፣ እንቅልፍ ማጣት ከመጣ ባሉበት መቆየት ነው፤ ከፍ ብሎ መሄድ የለም። ሰው እንደ ሰከረ ከተንገዳገደ ወይም ንግግሩ ከተምታታ አንጎሉ እያበጠ ነው። ቁጭ ብሎ እንኳ ካለከለከ፣ ሳሉም አረፋ ካለው ሳንባው ውሃ ይዟል። ያኔ ሌሊትም ቢሆን ወዲያው ወደ ታች ማውረድ ነው፤ ኦክስጅኑም መድኃኒቱም እግረ መንገዱን። ጓደኞቼ ሁሉ ይህን በቃላቸው ያውቁታል። እርስ በርስ ለመጠባበቅም ተነጋግረናል፤ የታመመው ራሱ «ደህና ነኝ» ስለሚል።

ጋቢ በሰው ልላክልህ ያልሽውን ተይው እማ። ማታ ቤት ውስጥ ቢሆን ከጋቢ የሚበልጥ የለም። መንገድ ላይ ግን ጥጥ ላቡን ይይዝና መልሶ ያቀዘቅዛል። ከውስጥ ስስ የሱፍ ልብስ፣ ከላዩ ሹራብ፣ ከሁሉ በላይ ነፋስ የማያስገባ ጃኬት እለብሳለሁ። ቀን ፀሐዩ ያቃጥላል፣ ፀሐይ ስትገባ ብርዱ ድንገት ይመጣል። የፀሐይ መነጽርና የከንፈር ቅባት የግድ ነው። ስልክና ባትሪ ማታ ማታ ብርድ ልብስ ውስጥ ይዞ መተኛት ነው፣ ብርድ ቶሎ ይጨርሳቸዋል።

በሰው የላክሽው በሶ ግን ደርሷል፤ እሱን ነው በደንብ የምጠቀምበት። ከፍታ ላይ የምግብ ፍላጎት ይጠፋል። ምግብም ቶሎ አይበስልም። ሌህ ላይ ውሃ የሚፈላው በ88 ዲግሪ አካባቢ ነው። አንቺ ታውቂዋለሽ፤ ኮምቦልቻ አክስቴ ቤት ባቄላው ካንቺ ቤት ቀድሞ ይበስል የለ? እንደሱ ነው። የሚገርምሽ ላዳኮችም የገብስ ቆሎ ፈጭተው ነው የሚኖሩት። በቅቤና በጨው ከተመታ ሻይ ጋር ያሹታል። ያንቺን አቀምሳቸዋለሁ።

ወረቀቱ ብዙ ነው። ለሌህ ቪዛው ይበቃል። ወደ ድንበሩ አካባቢ፣ ወደ ኑብራ ሸለቆና ወደ ፓንጎንግ ሐይቅ ለመሄድ ግን የውጭ ዜጋ ለብቻው ፈቃድ ማውጣት አለበት፤ የሚያወጣለትም የጉዞ ወኪል ነው። ሁለት ካልሆኑም አይሰጥም። በየኬላው ቅጂ ስለሚወስዱ የፓስፖርቴንና የቪዛዬን ኮፒ ደርድሬ ይዣለሁ። ከሌህ ውጭ የገንዘብ ማሽን ማግኘት ከባድ ስለሆነ ጥሬ ገንዘብም ይዣለሁ።

አሁን ላንቺ ዋናው ነገር ይኸውና። ስልኬ አይሠራም። ከሌላ ግዛት የተገዛ ካርድ የሚሞላበት ሲም ላዳክ ውስጥ ሞቷል፤ የሚሠራው ወር ጠብቆ የሚከፈልበት መስመር ብቻ ነው። አብሮኝ የሚሄደው ልጅ እንደዚያ ያለ መስመር አለው። ቁጥሩን ለእህቴ ልኬላታለሁ፤ ለጋሼም ትስጣቸው። ሌህ ሆቴል ውስጥ ዋይፋይ ስላለ ከዚያ እደውላለሁ። ገጠር ስንወጣ ግን ቀናት ድምፄ ላይሰማ ይችላል። አብሽሪ። ስልኬ ጠፋ ብለሽ ሰፈሩን እንዳታስለቅሺ።

የኢንሹራንሱን ወረቀት ፎቶም ልኬያለሁ። ጋሼ አትመው ከሰነዶቹ ጋር ያስቀምጡልኝ። ልጅቷም የሐይቁን ፎቶ ቶሎ ላክ እያለች አትጨቅጭቀኝ፣ ሌህ ስመለስ እልካለሁ። ዱዓችሁ አይለየኝ።

ልጅሽ