ወፏን ከነሰፈሯ፦ የአእዋፍ ፎቶግራፍ ክበብ የዓመቱ ዘገባ

የትምህርት ቤታችን የአእዋፍ ፎቶግራፍ ክበብ ዘንድሮም ቅዳሜ ቅዳሜ ጠዋት ሲሠራ ከረመ። ከጎንደር ከተማ አልወጣንም፤ መውጣትም አላስፈለገንም። ኢትዮጵያ ከ850 በላይ የወፍ ዝርያ ያላት አገር ናት። ከኢትዮጵያና ከኤርትራ በቀር በየትም ዓለም ከማይገኙት መካከል ደግሞ አንዳንዶቹ ከደጃችን አይጠፉም። ማጅራቷ ላይ ነጭ ያለባት ግራጫ እርግብ የፋሲል ግቢን ግንቦች ሰፈሯ አድርጋለች፤ ጉሮሮዋ ሥር ሥጋ የተንጠለጠለባት፣ ምንቃሯ ወደ ታች የቆለመመ ጋጋኖ ጠዋት በጩኸቷ ሰውን እየቀሰቀሰች ታልፋለች።

መስከረም ላይ የተማሪዎቹ ሁሉ ጥያቄ አንድ ነበር፤ «ቲቸር፣ ትልቅ ሌንስ ይገዛልን!» እውነት አላቸው። ወፍ ትንሽ ናት፣ ሰውም አታስጠጋም፤ ለዚህ ሥራ የተለመደው ከ400 እስከ 600 ሚሊሜትር ያለው ሌንስ ነው፤ ቁጥሩ በበለጠ መጠን ሩቁን ያቀርባል። በክበቡ እጅ ያለው ግን ከካሜራው ጋር አብሮ የመጣው 18-55 እና አንድ ወላጅ ያዋሱን 55-250 ነው። የቀረው ተማሪ የሚያነሳው በስልኩ ነው። ደግነቱ የካሜራችን ሴንሰር (ብርሃን ተቀብሎ ምስሉን የሚሠራው ክፍል) አነስ ያለ ስለሆነ እይታው በ1.6 እጥፍ ይጠብባል፤ 250ው በትልቁ ሴንሰር ላይ 400 ሌንስ የሚያቀርበውን ያህል ያቀርብልናል። የተረፈውን ርቀት የምናሸንፈው በእግርና በትዕግሥት ነው። በ500 ሌንስ ከ40 ሜትር የተነሳች ወፍ፣ በ250 ከ20 ሜትር ብትነሳ በፎቶው ላይ መጠኗ እኩል ነው። የስልክ ዙም ግን ሌላ ነገር ነው፤ ስልኩ የራሱ የማቅረቢያ ሌንስ ከሌለው ያለውን ምስል ከመለጠጥ አያልፍም፣ የላባው መስመር ሁሉ ይጠፋል።

20 ሜትር መድረስን የተማርነው አንገረብ ግድብ ዳር ነው። ወፍን እየተከተለ የሚሄድ ሰው የሚያነሳው ጅራቷን ብቻ ነው። ቀድሞ ደርሶ፣ ፀሐይን ከኋላው አድርጎ፣ ዝቅ ብሎ ለሚቀመጥ ግን ራሷ ትመጣለታለች። ዝቅ ማለቱ ለመደበቅ ብቻ አይደለም። ቆመን ቁልቁል ስናነሳ ከወፏ ጀርባ የሚታየው ጭቃው ነው፤ በዓይኗ ልክ ስንሆን ከኋላዋ ያለው ነገር ይርቅና ይደበዝዛል፣ እሷ ብቻዋን ጎልታ ትወጣለች። ፎከሱ ሁልጊዜ ዓይኗ ላይ ነው፤ ዓይን ካልጠራ ሌላው ሁሉ ቢጠራ ፎቶው ሕይወት የለውም። ለተቀመጠች ወፍ 1/500 ሰከንድ የሹተር ፍጥነት (ካሜራው ለብርሃን ተከፍቶ የሚቆይበት ጊዜ) ይበቃናል፤ ለምትበር 1/2000 እንጠቀማለን። ለዚያ ብርሃኑ ካልበቃ አይኤስኦውን፣ ማለትም ካሜራው ለብርሃን ያለውን ስሜት፣ ከፍ ማድረግ ነው፤ ይህ ግን ፎቶውን ነጠብጣብ ያበዛበታል። ነጠብጣብ የበዛበት ጥርት ያለ ፎቶ፣ ንጹሕ ሆኖ ከተንቀጠቀጠው ይበልጣል። ሰዓታችን ከጠዋቱ 12፡30 እስከ 2፡30 ነው፤ ከረፋዱ በኋላ የጎንደር ፀሐይ ከአናት ስለሚወርድ የወፏን ዓይን በጥላ ይሸፍነዋል።

የዓመቱን ምርጥ ፎቶ ያገኘነው ግን በአጭሩ ሌንስ ነው። ፋሲል ግቢ በገባንበት ጠዋት 250ው በሌላ ተማሪ እጅ ስለነበር፣ አንዲት የ10ኛ ክፍል ተማሪ በ18-55ቱ ሠራች። በፎቶዋ ላይ እርግቧ ከአውራ ጣት አትበልጥም። መስኮት ቅስት ጠርዝ ላይ፣ በስተቀኝ ዝቅ ብላ ተቀምጣ ወደ ግራ ትመለከታለች፤ በምትመለከትበት በኩል ያለው የግንቡ ድንጋይ ብቻ ነው፣ ከፎቶው ከግማሽ በላይ የሚይዝ፣ የጠዋት ብርሃን አግድም የነካው። ልጅቷ ወፏን መሀል ላይ ብታስቀምጣት ኖሮ ድንጋዩ ትርፍ ይሆን ነበር። አሁን ግን ዓይናችን ከወፏ ተነስቶ ግንቡን ይዞራል፣ ተመልሶም እሷ ላይ ያርፋል። ይህች እርግብ በተፈጥሮዋ ገደል ላይ የምትኖር ናት፤ ከፍ ያለው የድንጋይ ግንብ ለእሷ ገደል ነው። ፎቶው ይህን ያለ ጽሑፍ ይናገራል። በ600 ሌንስ ብትነሳ ላባዋ አንድ በአንድ በታየ ነበር፣ ጎንደር ግን አትታይም ነበር። ከዚያ ወዲህ በክበቡ ፎቶ ስንገመግም የምንጠይቀው «ወፏ ምን ያህል ቀረበች?» ብለን ብቻ አይደለም፤ «የት ነው ያለችው?» የሚለውም ተጨምሯል። በፋሲል መዋኛ የዛፎቹ ሥር ከግንቡ ጋር የተጠላለፈበት ቦታም በዚህ ዓይን ብዙ ጥሩ ሥራ ሰጥቶናል።

ኤዲት ላይ ከተማሪዎቹ ጋር ብዙ ተከራክረናል፤ ክርክሩን ወድጄዋለሁ። ካሜራችን 24 ሜጋፒክስል (24 ሚሊዮን ነጥብ) ነው፣ 6000 በ4000። ወፏን ለማቅረብ ወርዱንም ቁመቱንም በግማሽ ብንቆርጥ የሚተርፈን ሩቡ፣ 6 ሜጋፒክስል ነው፤ እሱ በጥሩ ጥራት 25 ሴንቲሜትር ያህል ወርድ ሆኖ ይታተማል። ከዚያ በላይ መቁረጥ የሌንስን እጥረት አይሞላም። ጠርዝ ማጥሪያውም ሲበዛ በወፏ ዙሪያ ነጭ ክር ያወጣል፤ ይህን ተማሪዎቹ ፎቶውን በስክሪኑ ላይ ሙሉ በሙሉ አቅርበው ማየት ሲለምዱ ራሳቸው ደረሱበት። የተስማማንበት ደንብ ይህ ነው፦ ብርሃንን ማስተካከል፣ ጥላን ትንሽ ማንሳት፣ የቀለምን ሚዛን ማረም፣ መቁረጥ ይቻላል፤ ያልነበረ ነገር መጨመር፣ የነበረን ቅርንጫፍ ማጥፋት አይቻልም።

የኤዲትን ልክ በደንብ ያሳየችን በተከዜ ወንዝ ስም የተጠራችው አበባ ቀሳሚ ወፍ ናት። ኮርቹ ሲያብብ ወደ ግቢያችን ትመጣለች። የወንዱ ሐምራዊ ነጸብራቅ ከላባው ቀለም የሚገኝ ሳይሆን፣ ብርሃን በላባው ጥቃቅን አሠራር ላይ ሲያርፍ የሚፈጠር ነው፤ ማዕዘኑ ካልገጠመ ወፉ ጥቁር ሆኖ ይታያል። አንድ የ11ኛ ክፍል ተማሪ ጥቁር የወጣበትን ፎቶ በስናፕሲድ (የስልክ ፎቶ ማስተካከያ መተግበሪያ) ሐምራዊ ለማድረግ ብዙ ደከመ፤ የወጣው ግን የተቀባ ፕላስቲክ የሚመስል ወፍ ነበር። በሌላ ጠዋት ፀሐይን ከኋላው አድርጎ ከዚያው ዛፍ ሥር ጠበቀ፤ ያን ጊዜ ያነሳውን ከጥቂት መቁረጥ በቀር ምንም አልነካነውም።

ጎጆን በተመለከተ ክበቡ ጥብቅ ነው። እንቁላል ወይም ጫጩት ያለበት ጎጆ አጠገብ አንደርስም፣ ቅጠል ገልጠንም አናነሳም፤ እናት ከሸሸች ጫጩቶቹ ለብርድና ለቁራ ይጋለጣሉ። እንዲህ የተነሳ ፎቶ ምንም ያህል ቢያምር ለዓመቱ ዐውደ ርእይ አይቀርብም።

የተመረጡት ፎቶዎች አሁን በቤተ መጻሕፍቱ ግድግዳ ላይ ናቸው፤ በእያንዳንዱ ሥር ሌንሱ፣ የሹተር ፍጥነቱና ቦታው ተጽፏል። ለከርሞ መመዝገብ የሚፈልግ ተማሪ ስልክ ካለው ይበቃዋል። የማይጠቀሙበት የቆየ ሌንስ ወይም ትሪፖድ ያላቸው ወላጆች ቢያውሱን ደግሞ ቅዳሜ ጠዋት ተራ የሚጠብቁት ልጆች ቁጥር ይቀንስልናል።