አፈሙዙን ከማዘዝህ በፊት

ይድረስ ለምወድህ ወንድሜ፣

እንደምን ከርመሃል? ልጆቹስ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ድምፅህ ከጠፋብኝ ብዙ ጊዜ ሆነ። ደብዳቤህ ሲደርሰኝ ቤቱ ሁሉ ነው የተደሰተው። ከዴንቨር ወደ አንኮሬጅ መዛወርህን ከሰው ሰምቼ ነበር። አደን አለመተውህን ግን ካንተው መስማቴ ደስ አሰኘኝ።

ወደ ጥያቄህ ልግባ። 35 ዌለን የሚባለውን ጥይት የሚተኩሰውን ጠመንጃህን አፈሙዝ ልታስቀይር ነው፤ ባለሙያው ደግሞ ትዊስቱ፣ ማለትም አረሩን የሚያሽከረክረው የአፈሙዙ የውስጥ ጠመዝማዛ ቦይ፣ 16 ይሁን፣ 14 ወይስ 12 ብሎሃል። 12 እዘዝ።

ቁጥሩ፣ እንደምታውቀው፣ አረሩ በአፈሙዙ ውስጥ አንድ ሙሉ ዙር ለመዞር የሚጓዘው ኢንች ነው። ሲያንስ ሽክርክሪቱ ይፈጥናል፤ አረሩ ሳይንገዳገድ የሚበረውም በሽክርክሪቱ ነው። አዳኞች ሁሉ «ከባድ አረር ፈጣን ትዊስት ይፈልጋል» ይላሉ። እኔ ግን ክብደቱን ተወውና ርዝመቱን ለካ እልሃለሁ። አፍንጫው ዱልዱም የሆነ 250 ግሬን (ግሬን የአረር ክብደት መለኪያ ነው) የእርሳስ አረር አጭር ነው። ያው 250 ግሬን ሹል የመዳብ አረር ሲሆን በጣም ይረዝማል። እርሳስ በኩብ ሴንቲሜትር 11.3 ግራም ይመዝናል፣ መዳብ 9 ግራም ገደማ። ውፍረቱ አንድ ከሆነ ክብደቱን የሚያሟላው በርዝመት ብቻ ነው።

እንግሊዛዊው የሒሳብ ሊቅ ግሪንሂል በ1879 ያወጣው ቀላል ስሌት ዛሬም ይሠራል። የአረሩን ውፍረት በራሱ አባዛው፣ ውጤቱን በ150 አባዛ፣ ከዚያ ለርዝመቱ አካፍል። የሚያስፈልግህ ትዊስት እሱ ነው። ያንተ አረር ውፍረት 0.358 ኢንች ነው። ስለዚህ 16 ትዊስት እስከ 1.2 ኢንች የሚረዝም አረር ሳይንገዳገድ እንዲበር ያደርጋል፣ 14 እስከ 1.37፣ 12 እስከ 1.6። ይህ እርሳስ ለሞላው አረር ነው። ለመዳብ ከእያንዳንዱ አንድ አሥረኛ ያህል ቀንስ። መዳብ በርዝመቱም በቅለቱም ነው የሚጎዳው።

የአሜሪካው ጠመንጃ አምራች ሬሚንግተን በ1988 35 ዌለንን በፋብሪካ ማምረት ሲጀምር ትዊስቱን 16 አደረገው። ለዘመኑ አረር በቂ ነበር። ጀርመናዊው ኦቶ ቦክ ለአፍሪካ አዳኞች በ1905 ያወጣው 9.3 በ62 የሚባል ጥይት ደግሞ የአፈሙዙ ትዊስት ብዙውን ጊዜ በ360 ሚሊሜትር አንድ ዙር ነው፤ 14 ኢንች ያህል ማለት ነው። እሱም 286 ግሬን እርሳስ በደንብ ይተኩሳል። አንተ ግን መዳብ እፈልጋለሁ ብለሃል። ልጆች በሚበሉት ሥጋ ውስጥ የእርሳስ ፍርፋሪ እንዳይቀር ማሰብህ ልክ ነው።

አየሩንም አትርሳ። ኮሎራዶ ተራራ ላይ ኤልክ የሚባለውን ትልቅ አጋዘን ስናድን አየሩ ስስ ነበር፤ ስስ አየር አረሩን ብዙም አይፈትነውም። አንተ አሁን ከባሕር ጠረፍ አጠገብ ነህ፣ ብርዱም ከባድ ነው። ቀዝቃዛ አየር ወፍራም ነው። ተራራው ላይ ለጥቂት ሳይንገዳገድ የበረረ አረር አንተ ዘንድ ሊንገዳገድ ይችላል።

ሲንገዳገድ ምን እንደሚመስል አንድ ጊዜ ተኩስ መለማመጃ ቦታ አይቻለሁ። ከጎኔ የነበረው ሰው የዒላማ ወረቀት ላይ ግማሹ ቀዳዳ ክብ አልነበረም። የአረሩ ሙሉ ቁመት በጎኑ ታትሞበታል፣ ጠርዙም ተቀዷል። እንዲህ የሚበር አረር ሙስ ላይ (ከኤልክም የሚበልጥ አጋዘን ነው) ሲያርፍ የት እንደሚሄድ አይታወቅም። አውሬው ቆስሎ ይሄዳል። እኔን የሚያስጨንቀኝ ይሄ ነው።

«ፈጣን ትዊስት ጉዳት አለው» የሚሉህን አትስማ። ፍጥነት ላይ የሚያመጣው ልዩነት እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። በሽክርክሪት ብዛት የሚበተኑት ለትናንሽ አውሬ የተሠሩ ሽፋነ ስስ አረሮች ናቸው። ያንተ ከባድ አረር ምንም አይሆንም።

አንድ ነገር ግን አድርግልኝ። አሮጌው አፈሙዝ ከመነቀሉ በፊት ለካው። ጠመንጃው ባዶ መሆኑን አረጋግጥ። እጀታው በነፃ የሚዞር መወልወያ ዘንግ ያዝ፣ ጫፉ ላይ ጠበቅ ያለ ጨርቅ አድርግና አስገባው። ዘንጉ ላይ አናቱን በቀለም ምልክት አድርግ። ቀስ ብለህ ስትስበው ዘንጉ ይዞራል። ምልክቱ ወደ ላይ ተመልሶ እስኪመጣ ድረስ የወጣውን ለካ፤ ትዊስቱ ያ ነው። ምናልባት 14 ይሆንና አጠር ያለ የመዳብ አረር መርጠህ ወጪውን ታተርፋለህ።

ውጤቱንና ያሰብከውን አረር ርዝመት ላክልኝ፣ አብረን እናሰላዋለን። ለባለቤትህ ሰላምታዬን አድርስልኝ፤ ልጆቹን ሳምልኝ።

ወንድምህ