ቢጫው የእናትህ ነው

ጳጉሜ 3 ቀን 2017 ዓ.ም.
አዲስ አበባ

ይድረስ ለአብሮ አደግ ወንድሜ፣

ለጤናህ እንደምን ከርመሃል? እኔ፣ ባለቤቴና ልጃችን እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ድምፄን ካጠፋሁ ሁለት ዓመት ሊሞላ ነው። የላክልኝን ሁሉ አይቻለሁ። «አለህ ወይ?» ያልከኝን ስንት ጊዜ ከፍቼ እንደዘጋሁት እኔ ነኝ የማውቀው። ለምን እንደጠፋሁ እነግርሃለሁ። መጀመሪያ ግን ስለ ካርዱ ላውራህ።

ከደብዳቤው ጋር አንድ ወረቀት አለ። የእንቁጣጣሽ ስዕል ነው። የሠራችው ልጄ ናት። ፎቶዋን ስልክልህ ገና አራስ ነበረች፤ አሁን ሁለት ዓመት ከሰባት ወሯ ነው። ነገ ማታ ወደ እናንተ የሚበር ሰው አግኝቼ ሻንጣው ውስጥ፣ ከበርበሬውና ከሽሮው መሃል፣ በላስቲክ ጠቅልዬ አስገባልሃለሁ። ለበዓሉ ባይደርስም ለመስቀል ይደርሳል።

እሑድ ዕለት ነው። ባለቤቴ ሥራ ገብታለች። ዝናቡ ቤት አዋለን። ሚጣ ደግሞ ቤት ስትውል ያገኘችውን ሁሉ ትገለብጣለች። የገዛሁላትን ከለር አውጥቼ ሰጠኋት። ወዲያው ቢጫውን ነክሳ ቆረጠችው። ከአፏ ሳወጣ አንድ ነገር ትዝ አለኝ። የኛም ቢጫ ነበር ሁልጊዜ ቀድሞ የሚያልቀው። አንድ ፓኮ ለሁለት፣ ስዕሉ በሙሉ አደይ አበባ፣ ገና ከነሐሴ ሳንወጣ ቢጫዋ ጥፍር አክላ ትቀራለች። ያኔ እናትህ የእርዱን ጣሳ ከመደርደሪያው አወረዱልን። ትዝ አለህ? ጣሳውን በማንኪያ ጀርባ መታ መታ አድርገው በቡና ሲኒ በጠበጡልን። ብሩሽ አልነበረንም። ክብሪት እንጨት ጫፍ ላይ ጥጥ ጠቀለሉልን።

ተነስቼ እርድ አመጣሁ። ልጅ ቢቀምሰው አይጎዳም፣ ወጥ ውስጥ የምንበላው ነው። ሁለት የሻይ ማንኪያ እርድ በሙቅ ውሃ በጠበጥኩ። ወረቀቱ ላይ እንዳይሮጥ ትንሽ ዱቄት ጨመርኩበት። ወረቀቱን አራቱንም ጥግ በፕላስተር ወለሉ ላይ ለጠፍኩት፤ አለዚያ እጇን ስታነሳ ወረቀቱም አብሮ ይነሳል።

መጀመሪያ ላይ አጠፋሁ። እጇን በእጄ ይዤ ቅጠል በቅጠል ላስላት ሞከርኩ። ደህና አበባ እንዲወጣልኝ ፈልጌ ነው። እጇን መንጭቃ «እኔ!» አለች። ደግሜ ያዝኳት። አለቀሰች። ለቀኩ። መዳፏን ሲኒው ማስቀመጫ ላይ ነክራ ወረቀቱን መታችው። ጧ! ድምፁ ደስ አላት። ደገመችው። ሁለተኛው ዞሮ አረፈና ጣቶቹ በጣቶቹ መሃል ገቡ። እመነኝ፣ አደይ ነው የመሰለው። ከዚያ በብሩሹ ከላይ እስከ ታች ታሰምርበት ጀመር። «ይሄ ምንድነው ሚጣዬ?» አልኳት። «ዝናብ» አለችኝ። ውጭ እየዘነበ ነበር።

ከአስር ደቂቃ በላይ አትቀመጥም። ትነሳለች፣ ትዞራለች፣ ተመልሳ ትመጣለች። ስምንት ወረቀት ጀምረን ሦስት ተረፉ። አንዱ ለአያቷ ነው፣ አንዱ ለጎረቤታችን፣ አንዱ ላንተ። ያንተው ግርጌ ላይ የእግሯ ጣቶች አሉ፣ ስትመለስ ረግጣው ነው። ልቆርጠው መቀስ አንስቼ ነበር። ከዚያ ተውኩት። ሊያገናኛችሁ የሚችለው አሁን እሱ ነው።

ስዕሉ ላይ ያለው ቀይ ደግሞ እንዴት እንደመጣ ልንገርህ። እጇን ላጥባት ወሰድኳት፣ ቅርብ ያገኘሁት የልብስ ሳሙና ነበር። አረፋው እንደነካው ያ ቢጫ መዳፍ ቀይ ሆነ። የተቆረጠች መሰለኝ። ልቤ ቀጥ አለ። ጣቷን አንድ በአንድ ገለባብጬ ፈተሽኩ። ምንም የለም። እሷ እንደውም ትስቃለች። እርድ ሳሙና ሲነካው ይቀላል። ነጠላ ላይ የተንጠባጠበ አልጫ ሲታጠብ ቀልቶ የሚወጣው ለዚሁ ነው፣ እናቶቻችን ሁሌ የሚያማርሩት። በኋላ በሳሙና ውሃ ጣቷን ነክሬ የአበባውን መሃል አስነካኋት። የምታየው ቀይ ነጥብ እሱ ነው።

«እንኳን አደረሰህ» የሚለውን ጥግ ላይ በትንሹ የጻፍኩት እኔ ነኝ። ሌላ ቦታ አልተረፈኝም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ።

የእናትህ ቀብር ላይ ነበርኩ። ይህን ሰምተሃል። ያልነገርኩህ ከቀብር መልስ ያየሁትን ነው። ድንኳኑ ውስጥ ሰው ሞልቶ ስለነበር ሳሎን ገብቼ ተቀመጥኩ። ብፌው መስታወት ውስጥ፣ ከስኒዎቹ ኋላ፣ ስዕላችን ቆሟል። ያቺ መልአክ። ክንፏን አንተ፣ ፊቷን እኔ የሠራነው፣ ዓይኗ ከፊቷ የሚበልጠው። ቢጫው ጠፍቷል። ከዙሪያዋ አበባ የቀረው የእርሳሱ መስመር ብቻ ነው። ያን ጊዜ ለየቤቱ ስናድል ስሙኒ ያለው ስሙኒ፣ ሽልንግ ያለው ሽልንግ ይሰጠን ነበር። እናትህ ሽልንግ ሰጥተው «ይህቺን እኔ ገዛኋት» ያሉት ለሳቅ መስሎኝ ነበር የኖረው። ለካ ከዚያ ቀን ጀምሮ አስቀምጠዋታል።

ማታውኑ ልደውልልህ ስልኩን ያዝኩ። አንተ እዚያ አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ የመኖሪያ ወረቀትህ ሳያልቅ፣ እናትህን ሳትቀብር። እኔ ደግሞ አፈር አልብሼ መጥቼ ስለ አንድ ወረቀት ላወራህ። ምን ብዬ እንደምጀምር አጣሁ። ነገ እደውላለሁ አልኩ። አርባቸው ደረሰ። ሰማንያቸው። ሙት ዓመታቸው። በየዝክሩ ተገኝቻለሁ፣ ለእህትህ «ሰላም በይልኝ» እላለሁ፣ አንተጋ ስደርስ ግን አፌ ይታሰራል። በቆየሁ ቁጥር እየከበደኝ ሄደ። ያኔ ከማንም በላይ ሰው የሚያስፈልግህ ነበር፤ ወንድምህ ነኝ ብዬ ግን አልነበርኩልህም። ጥፋቱ የኔ ነው። ይቅር በለኝ።

እሑድ ቤቱ እርድ እርድ ሲሸት ነው ልጽፍልህ የተነሳሁት። ሚጣ ተኝታ ነበር። ጥፍሯ ሥር ቢጫው አልለቀቀም። የሚጻፈው ደብዳቤ ምን ምን እንደሚል ያን ሰዓት ታወቀኝ። ዛሬ እየጻፍኩት ነው።

ዛሬ ሩፋኤል ነው። ጠዋት ሲያካፋ ሚጣን ልብሷን አውልቄ ግቢ ለቀኳት። እናትህ እኛን እንደሚያስሮጡን ማለት ነው። አፏን ከፍታ ወደ ሰማይ ታያለች። ስትመለስ በነጠላ ጠቅልያት ስላንተ ነገርኳት። «አጎትሽ» አልኳት። አሁን ፖስታውን ባየች ቁጥር «አጎት» ትላለች። ስልኩንም «አጎት» ስለምትል ብዙ አትኩራ።

ብፌው ከነስዕሉ እህትህ ቤት ነው። ለእንቁጣጣሽ ስሄድ ፎቶ አንስቼ እልክልሃለሁ፣ እህትህ ከፈቀደችም ዋናውን በሰው እጅ። ካርዱን ግን ፀሐይ የሚያገኘው ግድግዳ ላይ አትስቀል፣ እርድ በፀሐይ ይደበዝዛል። መጽሐፍ ውስጥም ቢሆን አድርገው። ፖስታውን እንደከፈትክ ደግሞ መጀመሪያ አሽትተው።

ቅዳሜ እደውላለሁ። በኛ ማታ ሁለት ሰዓት፣ በናንተ ቀን ነው። ባታነሳውም አልቀየምም፣ እሑድም እደውላለሁ።

እንኳን ከዘመነ ማቴዎስ ወደ ዘመነ ማርቆስ በሰላም አሸጋገረህ።

ወንድምህ