ስለ ደንበኛ ስኬት የሥራ ቃለ መጠይቅ

ውድ አባላት፣ ጤና ይስጥልኝ።

በአንድ የሶፍትዌር ኩባንያ ለደንበኛ ስኬት ባለሙያነት (ደንበኞች የገዙትን ፕሮግራም በሚገባ ተጠቅመው ውላቸውን እንዲያድሱ ለሚረዳ ሥራ) ያደረግሁትን ቃለ መጠይቅ እንዳካፍላችሁ ጠይቃችሁኝ ነበር። አራት ዙር ነበረው፤ የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ የተለመዱ ስለሆኑ አልፋቸዋለሁ።

ላብ በላብ ያደረገኝ ሦስተኛው ነው። ጠያቂዋ የተቆጣ ደንበኛ ሆና «ውላችን ሊያበቃ 30 ቀን ቀርቶታል። ከሠራተኞቼ ግማሾቹ ፕሮግራማችሁን ከፍተውት አያውቁም። ለምን ላድስ?» አለችኝ። እኔም እንደ ሻጭ ቅናሽ ለማቅረብ ቸኮልሁ። ስህተት! መጠየቅ የነበረብኝ ያልከፈቱት እነማን እንደሆኑና ፕሮግራሙ ሲገዛ የትኛውን ችግር እንዲፈታ ታስቦ እንደነበር ነው። ይህ ሥራ ከደንበኞች ድጋፍ የሚለየው እዚህ ላይ ነው፤ ድጋፍ ሰጪው ሲደወልለት ይደርሳል፣ እኛ ግን ሳይደወልልን መድረስ አለብን።

በአራተኛው ዙር ሒሳብ መጣ፦ በየወሩ 5 በመቶ ደንበኛ ቢለቅ ከዓመት በኋላ ስንት ይቀራል? 5ን በ12 አባዝቼ፣ 60ውን ከ100 ቀንሼ «40 በመቶ» አልሁ። መልሱ ግን 54 በመቶ ገደማ ነው፤ የየወሩ 5 በመቶ የሚሰላው ከቀሪዎቹ ላይ ነውና።

ውጤቱን ገና እየጠበቅሁ ነው። ቀጠሮ የተያዘላችሁ ካላችሁ ጻፉልኝ፣ አብረን እንለማመድ። የተቆጣውን ደንበኛ እኔ እሆናለሁ፤ ቁጣውን ጥሩ አድርጌ ተምሬዋለሁ።