«ብዙ አንብቡ» ብቻውን አያዋጣም

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፣

ለጀማሪ ደራስያን ምክር ባወጣችሁ ቁጥር «ብዙ አንብቡ» ትላላችሁ። ልክ ናችሁ፣ ግን ምክሩ ግማሽ ላይ ቀረ። እኔ ለዓመታት አንብቤያለሁ። ልብ ወለድ ልጻፍ ብዬ ስቀመጥ ግን አሮጊቷም፣ ሕፃኑም፣ ዳኛውም ቁርጥ እንደ እኔ ያወሩ ጀመር።

የጠቀመኝ አሜሪካዊው ጸሐፊና ፖለቲከኛ ቤንጃሚን ፍራንክሊን ስለ ራሱ ሕይወት በጻፈው መጽሐፍ ውስጥ ያገኘሁት ዘዴ ነው። ሰውየው ገና ልጅ ሳለ «ዘ ስፔክቴተር» የተባለው የለንደን ጋዜጣ መጣጥፎች ስብስብ 3ኛ ቅጽ እጁ ይገባል። አጻጻፉን በጣም ወደደው። ታዲያ ደጋግሞ በማንበብ አላበቃም፤ የየዓረፍተ ነገሩን ሐሳብ በአጭር በአጭሩ ይጽፍና ለጥቂት ቀናት ይተወዋል፣ ከዚያ መጽሐፉን ሳይገልጥ በራሱ ቃላት መልሶ ይጽፈዋል፣ በመጨረሻም ከዋናው ጋር አስተያይቶ ስህተቱን ያርማል። አንዳንዴ ማስታወሻዎቹን ሆን ብሎ ያደባልቃቸውና ከሳምንታት በኋላ ቅደም ተከተላቸውን ለመመለስ ይታገላል። ይህን ሁሉ የሚያደርገው ከሥራ በፊት ወይም ማታ ነው።

እኔም ከምወደው ልብ ወለድ አንድ ገጽ ምልልስ ወስጄ ሞከርኩት። አፈርኩ! በእኔ ገጽ ላይ የተጠየቀ ሁሉ ወዲያው ይመልሳል። በደራሲው ገጽ ላይ ግን ሴትየዋ ስለ ባሏ ስትጠየቅ ስለ መስኮቱ ታወራለች፣ እኔም አንባቢው ነገሩ የገባኝ በዚያ ነው። መጽሐፉን ሦስት ጊዜ አንብቤው ይህን አላየሁም። ሌላው ደግሞ «ነበር» ነው። የራሴን ገጽ ድምፄን ከፍ አድርጌ ሳነበው ዓረፍተ ነገሩ ሁሉ «ነበር» እያለ እንደ መዶሻ ይመታል፤ በዓይን ሲነበብ ግን ምንም አይሰማም።

እንዲህ ያለ ልምምድ የራስን ድምፅ ያጠፋል የሚሉ አሉ። እኔ አይዋጥልኝም። የሚታተም ነገር እኮ አይደለም፣ መሳቢያ ውስጥ ነው የሚቀረው።

ከእናንተ የምፈልገው አንድ ነገር ነው። ደራሲ ስትጋብዙ «መጻፍ መቼ ጀመርክ?» የሚለውን ተዉትና አንድ አንቀጽ ለምኑት፣ የመጀመሪያውን ረቂቅ ከነስርዝ ድልዙ፣ አጠገቡ ደግሞ የታተመውን። ቦታ ከጠበባችሁ የደራሲውን ፎቶ አሳንሱት።

የዘወትር አንባቢያችሁ