የካስቶሎ ወዳጅ ለሆንከው ወንድሜ

ይድረስ ለምወድህ ወንድሜ፣

ለጤናህ እንደምን ሰንብተሃል? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነኝ። ከተጻጻፍን አራት ዓመት አለፈን፤ ዝምታው ከየት እንደ መጣም ሁለታችንም እናውቃለን። አንተ የምትወደው የእግር ኳስ ጌም ፔስ ስሙን ለውጦ ኢፉትቦል 2022 ተብሎ እ.ኤ.አ. በመስከረም 2021 መጨረሻ በወጣበት ሳምንት ፊታቸው የተጣመመ ተጫዋቾችን ፎቶ በቴሌግራም አከታትዬ ላክሁልህ፤ ጌም በሚሸጥበት ድረ ገጽ በስቲም ላይ የተጠቃሚዎችን ዝቅተኛ ነጥብ ማግኘቱንም እንደ ድል አበሠርሁህ። የሠራው ኩባንያ ኮናሚ ራሱ ይቅርታ የጠየቀበትን ጌም ሰበብ አድርጌ አንተን መዝለፌ ነውር ነበር። አንተ ከልጅነትህ ጀምሮ ለወደድኸው ነገር ስታዝን እኔ ጨፈርሁ። ይቅር በለኝ።

የድሮውን ክርክራችንን መለስ ብዬ ሳስበው ደግሞ እውነቱ ካንተ ጋር እንደ ነበር አያለሁ። በዚያች ጠባብ ፕሌይስቴሽን ቤት፣ ተራ የሚጠብቁት ልጆች ከጀርባችን እየገፉን፣ ላስቲኩ የተላጠውን ጆይስቲክ ስንቀማማ፣ እኔ የፔስን ተፎካካሪ፣ የኢኤ ኩባንያን ጌም ፊፋን የማወድሰው በእውነተኛ የክለብ ስሞቹ ነበር። በፔስ ሊቨርፑል «መርሲሳይድ ሬድ»፣ ቼልሲ «ለንደን ኤፍሲ» ሲባሉ «የውሸት ጌም» እያልሁ አናድድህ ነበር። አንተ የምትናገረው ግን ስለ ኳሷ ነበር፦ ከእግር ተለይታ በራሷ ክብደት እንደምትንከባለል፣ በፔስ 6 አድሪያኖ ከሩቅ ሲለጋት በረኛው እጁን ዘርግቶ እንኳ እንደማይደርስባት። ማስተር ሊግን፣ ያን ቡድን እየመሩ የሚያሳድጉበትን የፔስ ክፍል፣ በካስቶሎና በሚናንዳ ስትጀምር፣ የፈጠራ ተጫዋቾች መሆናቸውን እያወቅህ፣ ጎል ሲስቱ እንደ ሰፈራችን ልጆች ታዝንላቸው ነበር።

ስም በገንዘብ የሚገዛ ፈቃድ መሆኑን የተረዳሁት ኮናሚ እ.ኤ.አ. በ2019 የጁቬንቱስን መብት ለብቻው በወሰደ ጊዜ ነው፤ በፊፋ 20 ያ ትልቅ ክለብ «ፒየሞንቴ ካልቾ» ተባለ። በ2023 ደግሞ ፊፋ የሚለው ስም ራሱ ከኢኤ ጌም ላይ ተነሥቶ ኢኤ ስፖርትስ ኤፍሲ 24 ተተካ። ያን ያህል ዓመት ጥብቅና የቆምሁለት ለሽፋኑ ጽሑፍ ኖሯል።

ይልቁንስ አብረን ልንቆጣበት ይገባ የነበረው በኢኤ ጌም ውስጥ በተጫዋቾች ካርድ ቡድን የሚገነባበት አልቲሜት ቲም ነው። ውስጡ ማን እንዳለ የማይታወቅ የካርድ እሽግ በእውነተኛ ገንዘብ ይሸጣል፤ ዓመቱን ሙሉ የተሰበሰበው ቡድን ደግሞ ወደሚቀጥለው ዓመት ጌም አይሻገርም፤ ሁሉም እንደገና ከዜሮ ይጀምራል። የቤልጂየም የቁማር ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት እ.ኤ.አ. በ2018 ፊፋ 18ን ጨምሮ በአንዳንድ ጌሞች ውስጥ ያለው ይህ ዓይነት ሽያጭ የአገሪቱን የቁማር ሕግ ይጥሳል ብሎ ወሰነ፤ ኢኤም በትርጓሜው ባይስማማም በ2019 መጀመሪያ እሽግ የሚገዛበትን የፊፋ ነጥብ መሸጡን በዚያ አገር አቆመ። ያኔ «የማይፈልግ አይግዛ» ብዬህ ነበር። ዛሬ እንዲህ አልልም፤ ዕድሉን እየሞከረ እሽግ የሚከፍተው የ12 ዓመት ልጅ ሊሆን ይችላልና።

አንተን ለመርታት የምጠቅሰው፣ የጌም ገምጋሚዎች የሚሰጡት የሪቪው ነጥብም ለዚህ ጉዳይ ምስክር ሊሆን አይችልም ነበር። ጸሐፊዎቹ ጌሙ በሚወጣበት ሰሞን ጥቂት ቀን ተጫውተው ይፈርዳሉ፤ የካርዱ ገበያ ተጫዋቹን የሚጫነው ግን ከወራት በኋላ፣ ጓደኞቹ ሁሉ ቡድናቸውን ሲያጠናክሩ ነው። ከመቶ 90 ሲሰጡት ስለ መስከረሙ ጌም እንጂ ስለ የካቲቱ አይናገሩም።

ፕሌይስቴሽን ሁለቴን ባለሙያ ዘንድ ወስጄ አሠርቼዋለሁ፤ የፔስ 6 ሲዲም አለኝ። ያ ያስጀመርኸው ማስተር ሊግ የተቀመጠበት ሜሞሪ ካርድ እጅህ ላይ ካለ፣ ለበዓል ስትመጣ ይዘኸው ና። ካስቶሎን አንተ ያዝ፤ እኔ በመርሲሳይድ ሬድ እገጥምሃለሁ።

ናፋቂ ወንድምህ